የቁጥር ፲፬ በሬ እና በኅዳግ የጻፍሁት

ሐሙስ፣ ጥር ፳፬። ከጧቱ 1 ሰ. ተኩል

ቁ. ፲፬ ዛሬም አላመሰኳም። ከገንዳው ፊት ቆሟል። አፉን አላኖረበትም። ፋጉሎው እንደ ተሰፈረ አለ። ውኃ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ዞሮ ቆመ። ሦስተኛ ቀኑ ነው።

የቀሩት ዐሥራ ዘጠኙ ደኅና ናቸው። ቁ. ፫ ተኝቶ ያመሰኳል፤ አንዱን ጉርሻ ዐምሳ ሁለት ጊዜ አኘከው።

ደብተሬ ሆይ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያ እንደ ተጸየፍሁት አንተ ታውቃለህ። ሰባት ዓመት በጎንደር ጉባኤ ቤት ትርጓሜ የተማርሁ ሰው፣ የደብሩ መሬት ተወርሶ ለደመወዝ ብወጣ፣ የበሬ መንጋጋ ቆጣሪ ልሁን? የማድለቢያ ጣቢያው የእንስሳት ሐኪም ዶ/ር እሌኒ ስታስረዳኝ ግን ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ። ከገጠር ለማደለብ የሚመጣ በሬ በምን ይጨነቃል? በማኪና ተጭኖ የመጣውና በእግሩ የመጣው በምን ይለያሉ? በሬ ጭንቀቱን አይናገርም፤ በአበላሉ፣ በአተኛኘቱ፣ በትንፋሹ ግን ይታወቃል። እኔ በየሰዓቱ እጽፋለሁ፤ እርሷ ትመረምራለች። ደንቧ አንድ ነው፦ ያዩትን ብቻ ይጻፉ።

ከቀትር በኋላ

ሙቀቱን ለካች፣ እበቱን መረመረች፣ ምላሱን ገልብጣ አየች። በሽታ አላገኘችበትም።

ደንቧን ተላለፍሁ። ንባብ ብቻውን ሲቆም እጄ አያርፍም። በመዝገቡ ኅዳግ እንደ ለመድሁት ትርጓሜ ጨመርሁ፦ «አንድም ደዌ ነው። አንድም የአገሩን ውኃ ናፍቆ ነው። አንድም ጠባቂው መኖውን እያጎደለበት ነው። አንድም እግዚአብሔር ያውቀዋል።» የሊቃውንት ወግ ነው፤ የሚቻለውን ሁሉ ደርድሮ ፍርዱን ለአንባቢ መተው። በማንም ላይ ክፉ አላሰብሁም። ጽሕፈቱም አምሮልኛል።

ዓርብ፣ ጥር ፳፭

በሬው እንደ ትናንቱ ነው። አራት ጊዜ ጮኸ፤ አራቱንም ወደ ሰሜን።

የበረቱ ጠባቂ አያ ደምሌ በሠራተኛው ፊት ተሳለቀብኝ። በሬ ስቆጥር የእኔም መንጋጋ አብሮ ይሄዳል አለ። «የኔታ፣ እርስዎንም በመዝገቡ ያስገቡ እንጂ! ከቁጥር ሦስት ይልቅ እርስዎ ያመሰኳሉ።» ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በኋላ ለብቻዬ ጠራኝና የሰማውን ነገረኝ። ቁ. ፲፬ አገሩ ትክል ድንጋይ ሳለ ስድስት ዓመት በመቀናጆ አርሷል፤ ባለቤቱም ጎረቤቱም አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበራቸው አጣምረው በተራ ያርሱ ነበር። ባለቤቱ ወደ ሳንጃ ሊወርድ ሲል የራሱን ለእኛ ሸጠ፤ የጎረቤቱ ቡሬ በሬ እዚያው ቀረ። ሻጩ ባስረከበ ዕለት ለደምሌ ነግሮታል። «ሸጋ በሬ ነው፤ ብቻውን መሆን ግን አያውቅም። ምነው ጓደኛውን አታመጡለትም?» አለኝ።

በሬ ሰው አይደለም፣ ጓደኛ የሚሉት ነገር የለውም ብዬ ገሠጽሁት። ለመዝገብ የሚገባ ነገር አልመሰለኝም። አልጻፍሁትም።

ሰኞ፣ ጥር ፳፰

ቁ. ፲፬ ተኝቷል። ሲያስነሡት በግድ ነው። ጎድኑ በሩቁ ይቈጠራል።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ታምሩ ለጉብኝት መጣ። በሬው ምን ሆነ አለ። ዶ/ር አልታወቀም አለችው። መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱ ኅዳጉ ላይ ቆመ። ጠባቂው ማን ይባላል ሲል ጠየቀ። መዝገቡን በክንዱ ሥር ይዞ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፱

አያ ደምሌን ጧት ከበረት ወሰዱት። ቀበሌ ታስሯል። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር፤ ማስረጃው የእኔ ጽሕፈት። ከአራቱ አንድም ሦስተኛውን ብቻ ገልብጠው ማኅተም አድርገውበታል። በዚህ ዘመን በዚህ ስም የገባ መቼ እንደሚወጣ የሚናገር የለም።

ዶ/ር ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ይህን የጻፈ ማን ነው አለች። እኔ ነኝ አልሁ። «የኔታ፣ እኔ የጠየቅሁዎ በሬውን እንጂ ሰውየውን አልነበረም» አለች።

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሐሰት ከአፌ አልወጣም ብዬ እኮራ ነበር። ለካ ሐሰት በጥርጣሬ መልክም ይጻፋል።

ረቡዕ፣ ጥር ፴

ጓድ ታምሩ ዘንድ ገባሁ። አንድምታ ምስክርነት እንዳልሆነ፣ ሊሆን የሚችለውን መደርደር ብቻ እንደ ሆነ ከሥሩ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ። «ጓድ መሪጌታ፣ አብዮቱ አንድም የለውም» አለ። ጠባቂው ሲያጎድል አይተሃል ወይስ አላየህም? አላየሁም። ታዲያ ለምን ጻፍህ?

 ጥያቄው ትክክል ነው።

የመጨረሻውን ነገረኝ። ፋይሉ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። በሬው ከሞተ በጣቢያው ንብረት ላይ የደረሰ ጥፋት ተብሎ አብሮ ይጻፋል። ያልበላበትን ሌላ ምክንያት በማስረጃ ካመጣችሁ አያለሁ አለ። ስምንት ቀን።

ሐሙስ፣ የካቲት ፩

ቀበሌ ሄድሁ። ስንቅ ይዤ። ዘቡ ዳቦውን በጩቤ ወግቶ አሳለፈኝ።

ደምሌ ጢሙ አድጓል። ስወቅሰው የኖርሁት ሰው፣ ሊወቅሰኝ ይገባ የነበረው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ በላ ወይ ብሎ ነው። በሬውን። አልበላም አልሁት። ኅዳጉን የጻፍሁ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ኩራቴ ያዘኝ። ዘቡም ይሰማል። እርሱ ግን የሚያውቅ መሰለኝ። «የኔታ፣ የነገርሁዎን ጻፉት ወይ?» አለኝ። አልጻፍሁትም አልሁ። ራሱን ነቀነቀ።

የጠረጠርሁትን ጻፍሁ። የተነገረኝን ተውሁ። ይህ ነው ኃጢአቴ፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

ከቀትር በኋላ 9 ሰ.

ለዶ/ር ሁሉን ተናገርሁ። ከወንበሯ ተነሣች። ቀን በቀን የጻፍሁትን ፈተሸች፦ ወደ ሰሜን ቆመ፣ ወደ ሰሜን ጮኸ፣ ወደ ሰሜን ዞሮ ተኛ። ትክል ድንጋይ በየት በኩል ነው ስትል ጠየቀችኝ። በሰሜን ነው። በገዛ እጄ ጽፌው አላነበብሁትም። ነገ በጣቢያው ማኪና ትክል ድንጋይ እንወጣለን።

ዓርብ፣ የካቲት ፪

የቡሬው ባለቤት አያ ሲሳይ ይባላል። አጥሩ ሥር አገኘነው። የመንግሥት ማኪና ሲያይ በሬውን ወደ ጓሮ ነዳ። አልሸጥም አለ፤ ሳንጠይቀው። ልንገዛ አልመጣንም፣ ለጥቂት ቀን ጎንደር አምጣልን አልነው። «የወሰዳችሁትን መቼ መለሳችሁ?» አለ። ዶ/ር ልክ ነህ አለችው። እውነት ነውና።

እኔ ተናገርሁ። በጽሕፈቴ ሰው እንዳሳሰርሁ ለማላውቀው ሰው በአጥር ሥር ተናዘዝሁ። ሲሳይ ረዥም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እርሱም ተናገረ። ቡሬው ከሌላ በሬ ጋር ሲጠምዱት ከትልሙ መካከል ይተኛል፤ እርሻው አልተጋመሰም። ጎረቤቶቹ መተት ነው ብለውታል።

ይመጣል። በማኪና ግን አይሆንም፤ በእግሩ እነዳዋለሁ፣ ገመዱንም እኔው እይዛለሁ አለ። ዶ/ር ደስ አላት፤ በእግር መምጣቱን ጥናቷም ይፈልገዋል። ነገ እንዲነሣ ለመንሁት። ነገ ገበያ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሰንበት ነው፤ በሰንበት በሬ አልነዳም አለ። ልከራከረው አልቻልሁም። እኔም አልነዳም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት ፫

ቁ. ፲፬ ውኃ አንድ ጊዜ። ትንፋሹ አጭር። ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ተቀመጥሁ። ደምሌ እንደሚያደርገው ፉርሽካ በእጄ ይዤ ቀረብሁት። አሸተተኝ፤ ተወኝ።

ሰኞ፣ የካቲት ፭። የነነዌ ጾም መግቢያ

ከቀኑ 10 ሰ. አያ ሲሳይ ቡሬውን እየነዳ በበሩ ገባ። ሁለቱም አቧራ ለብሰዋል።

ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ቡሬው ከበሩ ቆሞ አንድ ጊዜ ጮኸ። ቁ. ፲፬ ተኝቶ ሳለ ጆሮው ተነሣ። መለሰ። በፊት ጉልበቱ ቆመ፣ ወደቀ፣ እንደ ገና ቆመ። ገመዱን ለቀቁለት። ቡሬው መጥቶ በግራው ቆመ፤ ሲሳይ እንደ ነገረን በቀንበር የሚቆምበት ጎን ነው። አንገቱን ላሰው። ረዥም ጊዜ ላሰው። በ10 ሰ. ከ40 ቁ. ፲፬ ራሱን ወደ ገንዳው አወረደ። በላ። ጥቂት ነው፤ በላ። በ12 ሰ. ተኝቶ አመሰኳ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አኘከ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ሠላሳ ስድስት።

ዶ/ር ከአጠገቤ ቆማ ነበር። መንጋጋዎ ይንቀሳቀሳል የኔታ አለችኝ። ሳቅሁ። ዐይኔም አቧራ ገብቶበት ነበር። በኅዳጉ ምንም አልጻፍሁም።

የነነዌ ሰዎች በጾማቸው ከብቶቻቸውን ከለከሉ። በእኛ በረት ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰው በጾመበት ቀን በሬው ፈሰከ። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ የካቲት ፮

ሁለቱ ከአንድ ገንዳ በሉ። ዶ/ር መግለጫዋን አዘጋጀች፤ እኔም የራሴን። በፊርማዬ እንዲህ አልሁ፦ ጠባቂው መኖ ሲያጎድል አላየሁም፤ ከማንም አልሰማሁም፤ ምክንያቱን አስቀድሞ ነግሮኝ ሳለ ንቄ ተውሁት፤ ስሕተቱ የእኔ ብቻ ነው። ጓድ ታምሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህ ወረቀት እንጀራህን ሊያስቀርብህ እንደሚችል ታውቃለህን አለኝ። አውቃለሁ አልሁ። ደግሞም አውቅ ነበር። ተነሥቶ በረት ገባና በሬዎቹን አየ። ቁ. ፲፬ አላከበረውም፤ መብላቱን ቀጠለ።

ረቡዕ፣ የካቲት ፯። ከቀኑ 11 ሰ.

ደምሌ ወጥቷል! ፋይሉ ተዘግቷል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ የሚገባኝን ያህልም አይደለም። ሥራዬ አለ።

ቀጥታ ወደ በረቱ መጣ፤ ቤቱ እንኳ አልደረሰም። አላየኝም፤ ወይም ያላየኝ መሰለ። በሁለቱ በሬዎች መካከል ገብቶ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አቀፈ። ሲሳይ ምነው ወንድሜ፣ ሰው ሳለ በሬ ታቅፋለህ ወይ እያለ አሳቀው። እንዲህ ደረቴ ቀሎኝ አያውቅም፤ እስከ አሁን ምን ተሸክሜ እንደ ኖርሁ አሁን አወቅሁ።

ዶ/ር ለቁ. ፲፬ ሌላ ፈቃድ አስወጣች። ከቡሬው ጋር ወደ ትክል ድንጋይ ይመለሳል፤ ጥናቱ እርሻው ላይ ይቀጥላል። በየወሩ ወጥቼ የምጽፍ እኔ ነኝ። ከእንግዲህም ለሚገዛ በሬ ሁሉ በመዝገቡ አንድ ዐምድ ይጨመራል፦ ከማን ጋር ተጠምዶ ነበር? ዐምዱን የሚያስሞላው አያ ደምሌ ነው፤ እርሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዶ/ር ይቅርታ በልቡ አድርጎልዎታል፣ ይተዉት አለችኝ። አልተወውም። ዳኛ ሳያስገድደኝ፣ ሽማግሌ ሳይልከኝ፣ የአባቶቼን ወግ አደርጋለሁ። ነገ ጧት ከቆጠራው በፊት፣ በሳቁብኝ ሠራተኞች ሁሉ ፊት፣ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ አያ ደምሌ እግር ሥር እወድቃለሁ። አውርድ እስኪለኝ አላወርድም።

ድንጋዩን ከበረቱ ጀርባ መርጫለሁ። ትንሹን አይደለም።