የአባቴ ኩሬና ያልላክህልኝ ኮድ

ውድ ጓን-ቲንግ፣

ስለ ጤናህ ሳልጠይቅ የምጀምረው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ይሄ ነው። ደህና መሆንህንማ አውቃለሁ፤ ታይፔ በነበረው ኤግዚቢሽን፣ የዓሣ ኩሬ ማሽኖችን እንዲቆጣጠሩ ከምትሸጣቸው ሳጥኖችህ ጎን ቆመህ ስትስቅ ፎቶህን አይቻለሁ። እኔ ባሕሩ ዳር ቺጉ፣ ዓሣ አርቢው አባቴ ቤት ነኝ። አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ መብራት ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ሳጥንህም ተነሳ። የኩሬውን ውሃ እየገረፉ ለዓሦቹ አየር የሚሰጡትን መዘውሮች ግን ማስነሳቱን ረሳው። አባዬ ሲደርስ የትንሹ ኩሬ ዓሦች በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ሁለቱ ትልልቅ ኩሬዎች የተረፉት መዘውሮቹን በእጁ ስላስነሳ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲገባ ደግሞ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ፣ ታውቃለህ።

"ብስኩቱንም አስቀምጬለት ነበር እኮ" አለኝ አባዬ። እውነቱን ነው፤ ማሽን እንዳያምፅ ብለን በልማድ ሁላችንም የምናስቀምጠው አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ጊዜው እንኳ አላለፈበትም። "ለማንኛውም ያ ጓደኛሽ ብልህ ልጅ ነው፤ ንገሪውና ያስተካክለዋል።"

ነገርኩህ። መልስ ሳጣ ራሴ ልጠግነው ተነሳሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከሌሎች ጋር ጽፈን በነፃ የለቀቅነው ነው፤ አንተ የራስህን ጨምረህበታል። የአጠቃቀም ፈቃዱን የመረጥከውም አንተ ነበርክ። "ማንም ይውሰደው፣ ይሽጠውም። ግን ኮምፓይል ተደርጎ ማሽን ብቻ የሚያነበውን ለሰው ከሰጠ፣ ሰው የሚያነበውን የምንጭ ኮድም ከነለውጡ ይስጥ። አለዚያ ገዢው የገዛ ዕቃውን ለመጠገን ደጅ ሊጠና ነው" እያልክ ስንቱን ተከራክረህ አሳመንክ! ያኔ ኮራሁብህ። ከኩራትም ያለፈ ነገር ነበረኝ፤ አሁን ምን ያደርጋል።

በመብቴ ቢሮህን ኮዱን ጠየቅሁ። የላካችሁልኝ ያንኑ የተማሪነት ዘመን ኮድ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አይገናኝም። ደግሜ ብደውል ጸሐፊህ "እህቴ፣ ኮድ ላኩ አሉን፣ ላክን፤ ደግሞ ምን ቀረ?" አለችኝ።

በመጨረሻ አንተ ስልኩን አነሳህ።

"ዪ-ሮው፣ እስቲ ተረጋጊ። ከአንቺ በቀር ማን ያነበዋል?"

"እኔ አነበዋለሁ። አልበቃም?"

"በቃ፣ ለአባባ አዲስ ሳጥን በነፃ እልክላቸዋለሁ።"

"አዲሱስ ያው ፕሮግራም አይደል ያለበት? ኮዱን ላክ አልኩህ!"

ከዚያ ቀስ ብለህ "የለኝም" አልክ።

ጭማሪውን የጻፈልህ ፕሮግራመር ከአንተ ተጣልቶ ሲሄድ ኮዱ እሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፓይል የተደረገውን ከሳጥን ወደ ሳጥን እየገለበጣችሁ ትሸጣላችሁ። "ጉድ የሠራኝ እሱ ነው" ብለህ ስታማርር፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አልኩ በልቤ። እስከዚያች ደቂቃ የተናደድኩት ሰስተህ የደበቅኸኝ መስሎኝ ነበር። ስስት በሆነ! ስስታም እንኳ ያለውን ነውና አጥብቀው ሲለምኑት ይሰጣል። አንተ ግን ራስህም የማትጠግነውን ዕቃ ነው የሸጥክልን፤ የዚህ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አርቢ ግማሹ እሱን አምኖ ይተኛል።

አባዬ አልጋውን ኩሬው ዳር አውጥቷል። ዛሬም ስለ አንተ ክፉ አይወጣውም፤ "ይመጣል" ይለኛል።

እሑድ ጠዋት የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ይሰበሰባል። አውሎ ነፋሱ ሳይደርስ ሳጥኑን ትተው መዘውሮቻቸውን በእጃቸው እንዲይዙ እነግራቸዋለሁ። ፕሮግራሙን አብረውን ለጻፉትም እጽፋለሁ፤ ፈቃዱን የጣሰ የመሸጥ መብቱን እንደሚያጣ መቼም ለአንተ አይነገርም። ከመጣህና ቆመህ እውነቱን ራስህ ከነገርካቸው እኔ ዝም እላለሁ፤ የጠፋውንም ከሥሩ እንደገና ለመጻፍ አብሬህ እቀመጣለሁ። ካልመጣህ ግን አባቴ እያዳመጠ ስምህን የምጠራው እኔ ነኝ።

የተናደደችብህ ጓደኛህ፣
ዪ-ሮው