መርፌ ያልገደላቸው አቶ ዘገዬ አስናቀ (1942–2011 ዓ.ም.)

አቶ ዘገዬ አስናቀ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀ ብሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ወልዴ በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በሞጣ ከተማ ተወለዱ። ከአምስቱ ልጆች ሦስቱን ፈንጣጣ ስለወሰዳቸው፣ ያደጉት ከታናሽ እኅታቸው ከወይዘሮ ተናኘ ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ነው። ይህን ማውራት አይወዱም ነበር፤ ሙያቸውን የመረጠላቸው ግን እሱ ነው።

ትምህርታቸውን በሞጣና በደብረ ማርቆስ ጨርሰው፣ ጎንደር በጤና ሙያ ሠልጥነው በ1964 ዓ.ም. ተመረቁ። ወዲያው በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተመድበው አራት ዓመት ሙሉ በበቅሎ የዓባይን ሸለቆ እየወረዱ እየወጡ ሰው ከተቡ። በድንጋይ ወዳባረራቸው መንደር በማግስቱ ተመልሰው ይሄዱ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆኑት ከወይዘሮ አጸደ ኃይሉ ጋር ተጋብተው ሳሌምንና ብሩህን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ገቡ። የሙያ ወረቀታቸው እዚህ ስላልሠራላቸው በአንድ ሆቴል ፓርኪንግ አሥራ አራት ዓመት ሠሩ። አላፈሩበትም።

አንድ ስሕተታቸው ሳይነገር አይታለፍም፤ እሳቸውም እንዲነገር ይፈልጉ ነበር። የሰው ክንድ ሲወጉ የኖሩት አቶ ዘገዬ የፍሉን፣ የብርቱውን ጉንፋን ክትባት፣ "ለእኔ ደግሞ ምን ሊያደርግልኝ?" እያሉ ሰባት የብርድ ወቅት አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ፍሉው ወደ ሳንባ ምች ተለወጠና አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ።

ከዳኑ በኋላ ቤታቸውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አዛውረው፣ በዚያው ዓመት በደብራቸው አዳራሽ ለአረጋውያን የክትባት ቀን አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አደረጉት። ነርሷ ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች፤ ቆርቦ በዚያው ቀን ደሙን የሚያፈስ ማን አለ? "ዕድሜ ልኬን አስቀድሼ ይህን የረሳሁ ጅል!" ብለው በራሳቸው ስቀው ቀኑን ወደ ቅዳሜ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልተቋረጠም።

ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም አረጋዊ ባዩ ቁጥር ጥያቄያቸው "ዘንድሮስ?" የምትል ነበረች። ስለዚህ "ዘገዬ መርፌው" ተባሉ። እማማ ትብለጥ፣ "ልጄ፣ እኔን የሚጠብቀኝ መልአኬ ነው" ቢሏቸው፣ "እማማ፣ ለብቻው ምን በወጣው! እናግዘው እንጂ" አሏቸው። እማማ እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዘንድሮ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል።

ምክራቸው አጭር ነበር፦ ፍሉን በየዓመቱ፣ የሳንባ ምቹን ስድሳ አምስት ሲሞላ፣ የአልማዝ ባለጭራውን ከሃምሳ በኋላ፣ የቀረውን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ክንድ እንደሚያም፣ ትኩሳትም ሊኖር እንደሚችል ከማንም አልደበቁም።

የደበቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። በእኛ ዘንድ ሕመም ይደበቃልና ከቤት እንዳይወጣ አሉ፤ ቤተሰባቸውም ቃላቸውን ጠበቀ። ስለ እነዚያ ስድስት ወራት እዚህ አይጻፍም። ጥቅምት 10 ቀን እንደ ወትሯቸው ከሁሉ ቀድመው ተከተቡ። ጥቅምት 25 ቀን 2011 ዓ.ም. (ኖቬምበር 4 ቀን 2018) በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

የማያውቅ ሰው ሁለቱን ቀኖች ገጣጠመ። "ያ መርፌ ነው የጨረሳቸው" የሚል ወሬ ከገዛ ለቅሶ ቤታቸው ተነሥቶ እስከ ፎልስ ቸርች ከተማ ደረሰ። ለሚቀጥለው ክትባት ከተመዘገቡት አርባ አንድ አረጋውያን አሥራ ሰባቱ ስማቸውን አሰረዙ።

ስለዚህ ባለቤታቸው የተደበቀውን ገልጠዋል። አቶ ዘገዬን የገደላቸው ካንሰር ነው። መርፌ አልገደላቸውም። የሐኪሙን ወረቀት ማየት የሚሻ ቤታቸው መጥቶ ይይ። በእሳቸው ሞት ተሳብቦ አንድ አረጋዊ እንኳ ከክትባት ቢቀር፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት የትዳር ጓደኛቸው አይቀበሉም።

አቶ ዘገዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ትተው ተለይተውናል። የኅዳር 8 ቅዳሜው ክትባት ግን አልተሰረዘም። ሁልጊዜ እሳቸው በሚቀመጡባት የመጀመሪያዋ ወንበር ወይዘሮ አጸደ በሐዘን ልብሳቸው ይቀመጣሉ፤ እጅጌያቸውንም ይሰበስባሉ።

በድንጋይ ወዳባረራቸው መንደር ይመለሱ የነበሩትን ሰው ፈጣሪ ከደጁ አይመልሳቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።