ቤቴን በግ ላደረገው ጉባኤ ሰብሳቢ

ለክቡር ዶክተር አፈወርቅ፣
በሞላሌ ለተካሄደው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ ከነተመራማሪዎችዎ፣ ከነማሽንዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቀየት ከተማ ወጣ ብዬ የምኖረው አስካለ ማርያም፣ አናቴ ላይ ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአገራችን ብርድ ጉንፋን አስይዞ ሰዶዎት እንዳይሆን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ጊዜዎን እንዳላጠፋ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ማለቴ ነው፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. እኛን ገበሬዎቹን «ባለድርሻ አካላት» ብለው፣ በአንድ ለአምስታችን አሰልፈው፣ የፊት ወንበር ላይ ስላስቀመጡን ውለታዎ አለብን። ጠዋቱን ሙሉ የተነገረው በእንግሊዝኛ ስለነበር እኔ አንድም አልገባኝ፤ ጎረቤቴ የምሥራች ግን ቆይታ ቆይታ ራሷን ስትነቀንቅ አይቼ፣ ለሁለታችንም ገብቷታል ብዬ ተረጋጋሁ። ኋላ ብጠይቃት እንቅልፍ ኖሯል።

2. ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ሲያስተውል እንድናይ ተብሎ፣ በሰማይ የምትበረው ካሜራችሁ ያነሳችው የእኔው ቤት ምስል አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲበራ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና «በግ፣ ዘጠና አራት በመቶ» አለ። አልፈርድበትም፤ የሣር ክዳኑ አርጅቶ፣ ሸብቶ፣ ተንጨባርሮ ሲያዩት ያልተሸለተ በግ ይመስላል። ብቻ ከበግ ጭስ አይወጣም ልል እጄን ባነሳ፣ መድረክ መሪው ድጋፍ መስሏቸው አመሰገኑኝና አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ በዚህ ሰሞን በኪራይ ሰብሳቢነት ያስጠረጥራል።

3. ውጤቱ በማግስቱ አቋም መግለጫው ውስጥ ገብቶ በሙሉ ድምፅ ስለጸደቀ ወረዳው ሳይውል ሳያድር ሥራ ላይ አዋለው። በሳምንቱ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛው ምንይሉ መርፌውን ይዞ ደጄ ደረሰ። ቤቴን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ «እትዬ አስካለ፣ በየት በኩል ልውጋት?» አለኝ። መቼም ትእዛዝ ነው፣ መድኃኒቱን በግድግዳው ስንጥቅ አፍስሶ ሄደ። ቤቴ እነሆ ከበግ ፈንጣጣ ነፃ ናት፤ በዚህ በኩል አያስቡ።

4. ይህችን ብቻ ልብ ብለው ይስሙኝ። ጓሳ በሚባለው የጋራ መሬታችን ሣሩ ተከልሎ፣ ተጠብቆ ይቆይና ለቤት ክዳን ሲከፈት የሚታጨደው በቤት ቁጥር ነው፤ ቤት ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ባሌ ካረፈ ወዲህ ማጭዱን የምይዘው እኔ ነኝና ዘንድሮም ወጣሁ። ሣሩን የሚያስጠብቁት ሽማግሌ፣ አቶ ወዳጆ፣ ዓይኔን ማየት አፍረው፣ «አስካለ፣ ሣሩ ለቤት ነው፤ ያንቺን ደግሞ ጉባኤው በግ ነው ብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ጥቂት ሄጄ መልሰው ጠሩኝና፣ በጌ ክልሉ ውስጥ ገብታ እንዳትገኝ አደራ አሉኝ። ከተሠራች ጀምሮ ከቦታዋ ንቅንቅ ብላ እንደማታውቅ ምዬ ነገርኳቸው። ሰው ሁሉ ሣሩን ተሸክሞ ገባ፣ ጓሳም መልሶ ተዘጋ፣ ክረምቱም ጊዜውን ጠብቆ መጣ። ዝናቡ የእናንተን አቋም መግለጫ አላነበበም መሰለኝ፣ አሁንም ቤት ነው ብሎ ይወርድብኛል።

በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነገር እንዲሻርልኝ አልለምንም፤ አቅሜን አውቃለሁ። የሚቀጥለውን ጉባኤ ግን እዚሁ እኔ ዘንድ ቢያደርጉት ደስታዬ ነው። ገብተው አንድ ቀን ቢውሉ፣ ያሉት ከበግ ውስጥ ይሁን ከቤት ውስጥ ማሽኑን ሳይጠይቁ ይለዩታል ብዬ እገምታለሁ፤ ቢያንስ ዘጠና አራት በመቶ።

ምርምርዎን ያስፋልዎ፤ ጣሪያዎን ደግሞ አያሳጣዎ።

ከበጓ ሆድ ውስጥ፣
አክባሪዎ አስካለ ማርያም

ልረሳው ነበር፦ ስለተሳተፍኩ የሰጡኝን የምስክር ወረቀት አልጋዬ በላይ ባለው ቀዳዳ ወትፌዋለሁ። ጉባኤያችሁ ካፈራው ሁሉ ዝናብ የከለለልኝ እሱ ብቻ ነውና እግዜር ይስጥልኝ። ቀዳዳው ግን ሁለት ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት መስጠት ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ሌላውን በበጓ ስም ይጻፉልኝ፤ እሷም ተሳትፋለች።