የሮሐ ግራ እግር

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኪሩዬ፣ መንገድ ሥራ ካምፕ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፤

የደብዳቤ ወግ ነውና ደህና ነን ብዬ ልጀምር። ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፣ ጉንፋኑ ለቀቃቸው። ሮሐም ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ ትከሻዬ ላይ እያስታወከች በቀን ሁለት ሦስቴ ልብስ ታስቀይረኛለች። ደህና ነው የማልለው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱን ደግሞ አንተ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

እሑድ እሑድ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተህ ስትደውል ክብደቷን ትጠይቃለህ፣ ሳሏን ትጠይቃለህ። ጥርስ አወጣች ወይ ብለህም ጠይቀሃል፣ ገና ለሦስት ወር ልጅ! ስለ እግሯ ላወራህ አፌን ስከፍት ግን "ይቆራረጣል፣ አይሰማም" ትላለህ። ወዲያው ስለ ክብደቷ ስቀጥል ኔትወርኩ ጥርት ይላል። በቃ፣ በስልክ አልቻልኩህም፤ ስለዚህ ጻፍኩ። ሸፊ ነገ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። "እፊትህ ያንብበው" ብዬዋለሁ፤ ሸፊ ደግሞ ቃሉን አይበላም።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የሮሐን የተረከዝ ጅማት ይቆርጡታል። እንዲህ ብቻውን ሲነገር ያስደነግጣል፣ እኔንም አስደንግጦኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ በሄድክ ሰሞን ነው ሆስፒታሉ ጀሶ ማሰር የጀመረላት። በየሐሙሱ ነው። የቆየውን ጀሶ ይፈቱና እግሯን በእጅ ቀስ አድርገው ጥቂት ወደ ውጭ ያዞሩታል፤ ከዚያ ባዞሩበት ልክ ሌላ ጀሶ ከጣቷ እስከ ጭኗ ያስሩበታል። የሚያስርላት ሐብታሙ የሚባል ረጅም ሰውዬ ነው። ሲያስር ያፏጫል፤ ሮሐ ፉጨቱን ስትሰማ ልቅሶዋን ታቆማለች። "ቆልማማ እግር በጉልበት አይቃናም፣ ትንሽ በትንሽ ነው" ይላል። ክረምት ስለነበር ከዊንጌት ታክሲ እስክንይዝ እግሯን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌበት እሄዳለሁ። ጀሶው ከራሰ ዋጋ የለውም ተብያለሁ። ነጠላው ግን ለዝናቡ ብቻ አልነበረም። ሰው ያያል፤ አይቶም ዝም አይልም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንዷ ሴትዮ "ውይ! ጣልሻት እንዴ?" አለችኝና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "አዎ፣ ከፎቅ" ብያት ወረድኩ። ታውቀኛለህ፣ ከነኩኝ አፌ አያርፍም። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

መጀመሪያ ቀን "በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ እግር የነበረው ሰው አለ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "አባቷ" አልኳቸው። "እሱም በግራው ነው፤ ሳይታከም አድጎ እስካሁን በእግሩ ጎን ነው የሚረግጠው።" ሐኪሟ "አንዳንዴ በዘር ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዲሁ ይመጣል። የማንም ጥፋት አይደለም" አለችኝ። ይህችን ቃል በስልክ ላቀብልህ ስንት እሑድ ታገልኩ መሰለህ። በተወለደች ቀን አዋላጇ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሯን ስታሳይህ ፊትህን አይቼዋለሁ። "ከእኔ ነው" አልክና ወደ ግድግዳው ዞርክ። ከዚያ ወዲህ ዳይፐር ስትቀይርላት እንኳን አይቼህ አላውቅም። የካምፑ ሥራ ሲገኝማ እንዴት ያለ ጥድፊያ ነበር! ለእንጀራ ነው፣ አውቃለሁ። ለእንጀራ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ክርስትናዋ ልምጣ። "ሰማንያዋ እንዳያልፍ፣ የቀረው ይደርሳል" ያልከው አንተ ነህ። ያን ቀን ኔትወርኩ ግሩም ነበር። እናትህም ከአንተ በፊት ሲያብሰለስሉት ሰንብተዋል፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ካልተነሳች እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔም አልዋሽህም፣ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ እያልኩ ስሰጋ ነበር። ግን እግሯ በጀሶ የታሰረ ልጅ እንዴት ውሃ ውስጥ ትገባለች? ቄሱን እንጠይቃቸው አልኩ። እናትህ "ጠይቀን ይቆይ ቢሉንስ?" አሉ። እሺ ለሐብታሙ ልደውልለት አልኩ። "እሱስ አይሆንም ቢልሽ?" አሉ። እንዲህ እየተባባልን አንዳቸውንም ሳንጠይቅ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰ።

እናትህ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረጉና አቼቶ ጨመሩበት። አቼቶ ጀሶ ያለሰልሳል ብሎ ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላወቅኩም። እኔ ልጅቷን ይዤ፣ እሳቸው ጀሶውን እንደ ሽንኩርት እየላጡ አወጡት።

ኪሩ፣ እግሯን ያን ጊዜ ባየኸው! ሕክምናው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ግን ወደ ላይ ተገልብጦ የነበረው ውስጥ እግሯ ወርዷል፤ ጣቶቿ ወደፊት ሊያዩ ምንም አልቀራቸውም። እናትህ በሁለት እጃቸው ይዘውት ብዙ ቆዩ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ተጠመቀች፤ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ጎረቤታችን ሳሌም የክርስትና እናት ሆናታለች። ቄሱ ግን ጭኗ ላይ የጀሶውን ምልክት አይተው ምንድን ነው አሉ። ስንነግራቸው "ምነው ልጆቼ? ለታመመ ሕፃን እኮ ቤተ ክርስቲያን መላ አላት። ምን ነበረበት ብትጠይቁኝ?" አሉን። እናትህ መሬት መሬቱን አዩ፤ እኔም አብሬ።

ሰኞውኑ ሮጠን ሆስፒታል መሄድ ነበረብን። ቁጣ ፈርተን ቀጠሮውን ጠበቅን። እግሯ ወደ ነበረበት ሲመለስ በዓይኔ አየሁት፤ ማክሰኞ ጣቶቿ እንደገና ወደ ውስጥ ዞረው አገኘኋቸው። ሐብታሙ እንደሚያደርገው በእጄ ይዤ ላቆየው ሞከርኩ፤ ለካ እሱም ሙያ ይፈልጋል። ጡት እያጠባኋት፣ ሳህን እያጠብኩ፣ ሰው እያነጋገርኩ ሐሳቤ እግሯ ላይ ነበር። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሐብታሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፉጨቱን አቆመና እግሯን ጫን ጫን አድርጎ አየ። "ወደ ኋላ ተመልሰናል። እንደገና እናመጣዋለን፤ ሁለተኛ ግን እኛን ሳትጠይቁ እንዳትፈቱ" አለ። ተመስገን፣ አመጣው። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ "አሁን የቀረው ተረከዟ ነው" አለን። ጅማቱ አጭር ስለሆነ ተረከዟ አይወርድም። ስለዚህ በማደንዘዣ ጅማቱን ይቆርጡትና ጀሶ ያስሩበታል፤ ጀሶው ውስጥ እያለ ረዘም ብሎ መልሶ ይገጥማል። የዚያኑ ቀን ይዣት ቤት እገባለሁ። ሁሉንም በደንብ አስረድተውኛል። ጭንቅላቴ ገብቶታል፣ ሆዴ ግን እንቢ ብሏል። ደሙ ባይቆምስ? ቁስሉ ቢያመረቅዝብኝስ? ጣቷን መርፌ ሲነካት እንኳን እኔ ነኝ የምዘለው።

ጀሶው ሲወጣ ደግሞ ጫማ አለ። ግራና ቀኙ በብረት የተያያዘ ነው፤ መጀመሪያ ቀንም ሌትም ታደርገዋለች፣ በኋላ ስትተኛ ብቻ፣ እስከ አራት ዓመቷ። ሐብታሙ ጫማውን እያሳየን "እግራቸው ተመልሶ የሚቆለመምባቸው ልጆች አብዛኞቹ ቤተሰብ አዝኖላቸው ይህን ያወለቀላቸው ናቸው" አለ። ክፋት አስቦ አይደለም፣ ለሁሉም የሚለው ነው። የእናትህ ፊት ግን አመድ መሰለ።

ስንወጣ "ልጄ አትቆረጥም፣ አይሆንም" አሉኝ። አዲሱ ገበያ ስንደርስ የታክሲው ሰልፍ ታጥፎ ታጥፎ ሱቆቹ ጋ ደርሷል። እዚያ ቆመን፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ፣ ድንገት፦

"ኪሩቤልንም ወጌሻ አስሮልኝ ነበር" አሉ።

"መቼ እማማ?"

"በአራስነቴ። በሸምበቆና በጨርቅ አሰረልኝና ሌትም ቀንም እንዳይፈታ አለኝ። ልጄ ይጮኻል። ሲጮህ አንጀቴ አልችል ይለኛል፣ እፈታለታለሁ። ወጌሻው ሊመጣ ሲል መልሼ አስረዋለሁ። በኋላ 'የዚህስ አልሆነም' ብሎ ተወው። ምን ያውቃል እሱ? የፈታሁት እኔ ነኝ።"

ሰልፉ ተራመደ፤ እሳቸው አልተራመዱም። ከኋላችን ያሉት "እናት፣ ቀጥሉ እንጂ!" ይላሉ።

"አሁን ደግሞ የእሷን ፈታሁ" አሉኝ።

"እማማ፣ ሸምበቆው ባይፈታ ኖሮ ይቃና እንደነበር ማን ያውቃል?" አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ማንም አያውቅም። ለእሳቸው ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ አንተ በመንገድ ባለፍክ ቁጥር እግርህን እያዩ ነው የኖሩት። አንተ ከእኔ ነው ትላለህ፣ እሳቸው ከእኔ ነው ይላሉ፤ ሁለታችሁም በአንድ ቤት ኖራችሁ አንድ ቀን አልተነጋገራችሁም። ቤት እስክንገባ እጄን አልለቀቁኝም። ለኪሩ ንገሪው አላሉኝም፤ አትንገሪውም አላሉኝም። እራት ላይ ብቻ "ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" ብለው ጠየቁኝ።

እንግዲህ ኪሩዬ፣ ፈቃድህን እየጠየቅኩህ አይደለም። ፈርሜያለሁ። ደብዳቤው ሲደርስህ ሐሙስ ደርሶ ይሆናል፣ አልፎም ይሆናል። ተቆጣ ካሻህ፤ እኔም ተቆጥቼሃለሁና እኩል እንሆናለን።

የምፈራው ግን ሐሙስን ብቻ አይደለም። ሐሙስ የሐኪም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ነው። ያ ጫማ ማሰሪያው በእጅ ይፈታል፣ ሳፋም አቼቶም አያስፈልገውም። ራሴን አውቀዋለሁ። ስታለቅስብኝ "ለዛሬ ብቻ" እላለሁ። እናትህ የባሰባቸው ናቸው። ሳሌምም ቢሆን "ምነው ልጅቷን፣ ትንሽ ትረፍ እንጂ" ማለቷ አይቀርም። ይህ ቤት አዛኝ በአዛኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳላዝን እንዴት እችላለሁ? ይህን ሳስብ ነው ወተቴ የሚደርቅብኝ።

ከጳውሎስ ወደ ቤት ዳገቱን ስንወጣ መሃል ላይ ቆም እያልክ የሱቅ መስኮት የምታየው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የግራ ጫማህ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲያልቅ እንዳላይብህ ራስህ ይዘህ ሰፊ ጋ እንደምትሄድም አውቃለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩልህ፣ ደስ የሚልህ እንደዚያ መስሎኝ። አሁን ግን ልናገረው፤ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጦ፣ አብሯት እያለቀሰም ቢሆን፣ ማሰሪያውን የማይፈታ ሰው እፈልጋለሁ። ለምን እንደማይፈታው የሚያውቅ ሰው። በዚህ ቤት እንደዚያ ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ምንም አትላክልን። ራስህ ና።

የሩፋኤል አምላክ ከወባውም ከእባቡም ይሰውርህ። ምግብ አትዝለል፣ ማታ ማታ ደረብ አድርግ። ልጅህ ትስምሃለች፤ ስትስም ታረጥባለች፣ ከአሁኑ ተዘጋጅ።

የሮሐ እናት፣ ያንተው ኢየሩ

ደብዳቤውን ሳላሽገው እናትህ አንብቢልኝ አሉኝና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የአዲሱ ገበያው ጋ ስደርስ ልዘለው ነበር፤ "የሸምበቆውንስ ጽፈሽለታል?" አሉኝ። "ጽፌዋለሁ፤ ልሰርዘው?" አልኳቸው። ልጅቷን እንደታቀፉ "ተይው። ይምጣና ይቆጣኝ" አሉ።