በደጃፍሽ ያለው ውሃ

ይድረስ ለእታለም አትጠገብ፣ ኤረር።

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጅግጅጋ አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ሳምንት ረዳት ፕሮፌሰር ሆንኩ። የሰው ልብስ እያጠብሽ ያስተማርሽው ልጅ ዛሬ «ዶክተር» እየተባለ ጂኦሎጂ ያስተምራል። ተማሪዎቼን ካራማራ ይዤ ስወጣ ደጋግሜ «ምላሳችሁን አትመኑ» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

ጎረቤትሽ ሳህራ ጉልበቷን ተሻላት? የልጇ ጥርስ መበለዝ የጀመረው መቼ ነበር ያልሽኝ? ያንቺስ ወገብ? ደጃፍሽ ካስቆፈርኩት ጉድጓድ በፊት ነው ወይስ በኋላ የጀመረሽ? አስታውሰሽ ንገሪኝ።

ያኔ የውሃ መፈለጊያ መሣሪያው ውሃ አለ ብሎ ያሳየኝ ሁለት ቦታ ነበር። ያንቺን ደጃፍ የመረጥኩት ጄሪካን ተሸክመሽ ሩቅ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። ውሃው ሲወጣ በመዳፌ ቀምሼ «ጣፋጭ ነው» ስል እልል ያላችሁት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለምርመራ የላክሁት ግን ዘንድሮ ነው። ውጤቱ ማክሰኞ ደረሰኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ከቦቴ እየገዛሽ ጠጪ፤ ማፍላቱ አይጠቅምም፤ ያለበት ማዕድን በእሳት አይጠፋም። ለሳህራም ንገሪያት። ለምን ካለችሽ፣ መላኩ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል በያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጉድጓዱን «የመላኩ ውሃ» እያላችሁ መጥራቱን ተዉት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

በእጅሽ ያደግሁት ወንድምሽ፣
መላኩ