ለቤቶች ሁሉ ጊዜ የነበራቸው ባለቤቴ

ባለቤቴ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1919 ዓ.ም. በኪራይ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ለሰው ፎቅ ሲገነቡ ኖረው ለራሳቸው አንድ ጣሪያ ሳይኖራቸው አለፉ። እሳቸውም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ።

በ1940 ዓ.ም. የራሳቸውን ካሜራ ገዙ። ባለሦስት እግር ማቆሚያውን ተሸክመው መንገድ ለመንገድ ስለሚዞሩ ሰፈሩ «ባለአምስት እግሩ» አላቸው። በዚያ ዘመን የሕንፃ ፎቶ የሚያስነሱት ባለሀብቶች ነበሩ፤ የታጠበው ልብስ ከገመድ ይውረድ፣ ተከራዩም ዘወር ይበል ይላሉ። እሳቸው ግን «ሰው የሌለበት ቤት ፎቶ ለደላላ ነው» እያሉ ተከራዮቹን በየመስኮታቸው አቁመው ያነሱ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ከእኔ ጋር ተጋቡ። በሠርጋችን ማግስት የጠዋት ፀሐይ እንዳታመልጣቸው ብለው የአንድ ያረጀ ፎቅ ቤት በረንዳ ሊያነሱ ወጡ። ጎረቤቴ «ጣውንት አለብሽ እንዴ?» ብትለኝ «አዎ፤ ባለሁለት ፎቅ ናት» አልኳት። የዚያን ቤት ስንጥቅ ሁሉ ያውቃሉ፤ የእኔን አዲስ ቀሚስ ግን ካልነገሯቸው አያዩም። «እኔንስ መቼ ነው የሚያነሱኝ?» ብላቸው፣ «አንቺን ምን አስቸኮለኝ፤ አትፈርሺ» አሉኝ። ፊቴን አጠቆርኩባቸው።

በ1961 ዓ.ም. የዚያ ቤት ባለንብረት «ወና ነው፤ የሚኖርበት የለም» ብሎ ሊያፈርሰው ተነሣ። ባለቤቴ ፎቶዎቹን ፍርድ ቤት አቀረቡ። በደረጃው የተቀመጡት ሕፃናት ከፎቶ ፎቶ ሲያድጉ ይታያሉ። ዳኛውም ተከራዮቹ ምትክ ቤት ሳያገኙ እንዳይፈርስ አዘዙ። ሁሉም ቤት አግኝተው ከወጡ በኋላ ፈረሰ። ጣውንቴ ሄደችልኝ ብዬ ሳልተነፍስ፣ እሳቸው ሌላ ፎቅ አገኙ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 1996 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችም አፍርተዋል።

ትናንት ከማላውቃቸው ለቀስተኞች አንዷ አንገቴን አቅፋ፣ «እናቴን የማውቃት እሳቸው ባነሷት ፎቶ ብቻ ነው» አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ፤ ቀናሁም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እኔ እስክደርስም ከጎናቸው ያለውን ቦታ ለማንም አይስጥብኝ።