ጥሩንባዬ የተከለከለበት ሳምንት

ማክሰኞ

ጥሩንባዬን ስነፋ ሚኤሶ ድረስ ይሰማል። እሺ፣ ሚኤሶ አይሰማም። ሚኤሶ ቆላ ነው፣ በመኪናም ቢሆን ቁልቁል ረጅም መንገድ ነው። ግን ከመንደራችን ላይኛው ጫፍ እስከ አስፋልቱ መሰማቱን የሚክድ ሰው ጭሮ ውስጥ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እነፋለሁ፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑን እለፍፋለሁ። እንደ እኔ ሳንባ ያለው ሰው አላየሁም። ካለም አልሰማሁትም፤ ያልተሰማ ሰው ደግሞ ሳንባ አለኝ አይበል።

ዛሬ የመንደሩ ኮሚቴ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰው ከቦ ቆሟል። የማታ የመሠረተ ትምህርቱን ከጨረስኩ ወር አልሞላኝም፤ እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል? "ዞር በሉ፣ የተማረ ሰው ይለፍ!" አልኩና ገባሁ። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ድምፅ የወጣ አዲስ ሕግ ነው።

አንደኛ፣ ሞንታርቦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይከፈትም።

ሁለተኛ፣ ጄኔሬተር በሰው መስኮት ሥር አይነሳም።

ሦስተኛ፣ ባጃጅ ያለ ምክንያት ክላክስ አይነፋም።

እዚህ ላይ አጨበጨቡ። ለሕጉ አይደለም፣ ለእኔ ነው። አንዷ እንዲያውም "በላቸው፣ ዜና አንባቢ ሆነሃል!" አለች። ደረቴን ነፋሁና ቀጠልኩ።

አራተኛ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ማንኛውም ጥሩንባ፣ የእድርም ቢሆን፣ አይነፋም።

በሕይወቴ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ ማስታወቂያ ይህ ነው። ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ካነበብኩ በኋላ ነው። የቀሩትንም ጮክ ብዬ ጨረስኳቸው። ምን ላድርግ፣ እየተጨበጨበልኝ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥሩንባ ምን ይሠራል? ነጋዴው ገበያ ወርዷል፣ ሠራተኛው ቢሮ ገብቷል፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። ለውሻ ልለፍፍ?

የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ትከሻዬን ያዘኝ። "አትቀየም በላቸው። ከእንግዲህ ሞት በስልክ መልእክት ይነገራል። ጥሩንባውን እሑድ ስብሰባ ላይ አምጣና ከድንኳኑ ጋር ዕቃ ቤት ይቀመጣል።"

"እኔስ? እኔም ከድንኳኑ ጋር ልቀመጥ?"

ሳቀ። "አንተማ አባል ነህ" አለኝ።

አባል ነህ አለኝ።

ረቡዕ

ማንም አልሞተም። ተመስገን ማለት አለብኝ፣ ተመስገን።

የማታ መምህርታችን ስታሰናብተን "ዝርዝር መጻፍ ተለማመዱ" ብላን ነበር። ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት ያናገረኝ ሰው ዝርዝር፦

ባለ ሱቁ፤ "ስኳር የለም" አለኝ።

ውሃ ቆጣሪ የምታነበው ልጅ፤ "በር ይክፈቱልኝ" አለችኝ።

የጎረቤት ፍየል። አልተናገረችም፣ ግን ቆማ አየችኝ።

ቤቴ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴ ወርቄ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። እሷ ሳለች፣ ቤት ውስጥም መንገድ ላይ እንዳለሁ ስጮህ፣ "ድምፅህን ቀንስ፣ እዚሁ ነኝ" ትለኝ ነበር። አሁን ሬዲዮኑን ከፍቼ እመልስለታለሁ። የአየር ጠባይ ሲናገር "አይዘንብም፣ አትሸውደን" እለዋለሁ። ሬዲዮ እንግዲህ ቢሰድቡትም ማኩረፍ አይችልም።

ጥሩንባ መንፋት ለሰው ሞት መናገር ብቻ ይመስለዋል ሰው። እኔ መሃል መንገድ ቆሜ ስነፋ መብራቱ በየቤቱ አንድ በአንድ ይበራል። መጀመሪያ የእትዬ አስካለ፣ ቀጥሎ የመምህሩ፣ ከዚያ ማዶ ያለው። እኔ ያበራሁት ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ እንኳ ሻማው ይለኮሳል። ያን ሰዓት መንደሩ በሙሉ እኔን እየሰማ ነው። በሌላ ሰዓት ማን ይሰማኛል?

ፊርማ አሰባስባ ሕጉን ያስወጣችው ነርሷ ናት አሉ። ሲስተር ህይወት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ግቢ ተከራይታ የምትኖረው። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ነው የመጣችው። ከሰዓት በኋላ በሯ ላይ አገኘኋት። በእግሬ ጣቶች ቆሜ እንደ ሌባ እየተራመድኩ፣ በሹክሹክታ "እንደምን ዋልሽ ሲስተር" አልኳት።

"ምነው ጋሽ በላቸው፣ ድምፅዎን አመመዎት?"

"ሕጉን እየጠበቅሁ ነው፣ ልጄ።"

አልሳቀችም። ዓይኗ ቀልቷል። "ሁለት ቀን አልተኛሁም" አለችና ገባች።

ጥሩ ቀልድ ነበር። ባለ ሱቁ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ሐሙስ

ልብስ ሰፊው መንግሥቱ ሞተ። ሌሊቱን ታሞ ሊነጋጋ ሲል አረፈ።

የነገረኝ ልጁ ነው፣ ስልክ ደወለልኝ። ከልማዴ ተነስቼ ጥሩንባውን ከግድግዳው አወረድኩ፣ በጋቢዬ ጫፍ አፉን ወለወልኩ፣ በሩ ላይ ደረስኩ። እዚያ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጥሩንባው ጉልበቴ ላይ ሆኖ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጠራ። መልእክት ነው። "የእድራችን አባል አቶ መንግሥቱ ከዚህ ዓለም ድካም ስላረፉ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት ይፈጸማል።" አነበብኩት፣ በደንብ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ።

ቀብር ላይ የነበረው ሰው ከግማሽ በታች ነው። ትናንት ማታ መብራት ስላልነበረ የስንቱ ስልክ ባትሪ ዘግቷል። የስንቱ ደግሞ መልእክቱ ደርሶታል፣ ግን ማን ያንብብለት? ቄሱ ዞር ዞር ብለው ሕዝቡን ፈለጉ። ሬሳውን የተሸከምነው ሰዎች እንኳ ለመቀያየር አንበቃም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ከቀብር መልስ ነው። ድንኳኑ ከፊት ለፊት ተተክሎ ሰው ተቀምጧል። የመንግሥቱ ስፌት ክፍል በጓሮ በኩል ነው፣ ደንበኞቹ ሁሉ በዚያ በር ነው የሚገቡት። እትዬ አስካለ በዚያ መጡ። ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል፣ የሚሰፋ ጉርድ በክንዳቸው ይዘዋል። ከጓሮው ጀምረው እየተጣሩ ነው የገቡት።

"አንተ መንግሥቱ! ይኼን ጉርድ ዛሬ ካላሳጠርክልኝ መቀሱን ነጥቄህ ነው የምሄደው!"

የቤቱን ጥግ ዞረው ድንኳኑን አዩ። ሁላችንንም አዩን። ሠላሳ ዓመት ደንበኛው ናቸው፣ ለመጀመሪያ ልጁ የክርስትና እናት ናቸው። እግራቸው መሬት ላይ ተተከለ። የሟች ሚስት ተነስታ አቀፈቻቸው። ማቀፍ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ።

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ወይም ሁሉም አየኝ፣ እኔ ነኝ ቀና ያላልኩት።

ዓርብ

እትዬ አስካለ ጠዋት መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ለምን አልነፋህም?"

"ሕግ ነው እትዬ።"

"ስልኬ ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ልጄ አረብ አገር ሆና ስትደውልልኝ ብቻ ነው የማወጣው። አንተ እያለህ እኔ ስልክ ምን ይሠራልኛል? ሃያ ዓመት ጆሮዬን ላንተ ሰጥቼ ነው የተኛሁት!"

"አውቃለሁ።"

"ቢጫ ለብሼ ገባሁ እኮ፣ በላቸው። ቢጫ!"

ሳቅ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳላስበው ነው። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ሄዱ።

ነገ ሰው ቢሞት እነፋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ይሰሩኝ። ከዚያ ሳስበው ማሰር የሚፈልግ ሰው መኖሩን ተጠራጠርኩ። ዝም ብለው ይወስዱብኛል፣ በቃ።

ከምሳ በኋላ ጥሩንባውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ወጣሁ። በዚህ ሰዓት ሕጉ አይከለክልም፤ ግን መንደር ውስጥ ያለ ሞት አይነፋም። ጫት ማሳው ዳር ቆምኩና ነፋሁ። ሳንባዬ እስኪያምመኝ ነው የነፋሁት። ገደሉ መለሰልኝ። ደግሜ ነፋሁ።

ከማሳው ውስጥ አንድ ገበሬ እየሮጠ ወጣ፣ ሽርጡን በእጁ ሰብስቦ።

"ኦቦ! ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"አልሐምዱሊላህ! ታዲያ አንተ ምን ሆነ?"

ጥሩንባውን በማዳበሪያው መልሼ ጠቀለልኩት። እሱም ሁለት እንጨት ጫት ቀንጥሶ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጫት አልቅምም። ይዤው ወረድኩ።

ቅዳሜ

ለነገው ስብሰባ ንግግር ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። በማታ ክፍላችን ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው የለም፣ ያ ጡረተኛው ወታደር እንኳ ሁለት ገጽ ላይ ነው የደከመው።

ያስቀመጥኳቸው ነጥቦች፦ የመንግሥቱ ቀብር። ቢጫው ቀሚስ (ስም ሳልጠራ)። የመብራቱ ነገር። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳልቀር መንፋቴ፤ ወርቄ ያረፈች ዕለት ጭምር። ያን ቀን ሌላ ሰው ይንፋ ብለውኝ ነበር፤ "ስሟን በደንብ የሚጠራው እኔ ነኝ" ብዬ ራሴ ነፋሁ።

ይህን የመጨረሻውን ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። አሁንም ልተወው አልተወውም እያልኩ ነው። ለስብሰባ የሚሆን ነገር አይደለም።

እሑድ

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ተጀመረ። ንግግሬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጥሩንባው ጭኔ ላይ። ነርሷም መጣች፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ገና ተከራይ ናት፣ የእድሩ አባል አይደለችም፤ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ።

እጄን ላወጣ ስል እሷ ቀደመችኝ።

"ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጥታ ነው ትላላችሁ፣ እሱም አለ። ሞንታርቦው ነው ያሰለቸኝ። የጥሩንባው ግን ሌላ ነው።" ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ሰው ሁሉ ዘመም ብሎ ሰማት። "ማታ ተረኛ ሆኜ የማስታምመው የዚህ መንደር ሰው ነው። በሕይወት ትቼው እወጣለሁ። ቤቴ ደርሼ ጋደም ስል ጥሩንባው ይነፋል። ስሙ እስኪጠራ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆየው። የእኔ ሰው ይሁን አይሁን ብዬ።"

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት መብራት ሲበራ ነው ያየሁት። መብራቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን ሆኖ እንደሚሰማኝ አላየሁም።

ሦስት ገጼን አጣጥፌ መለስኩት።

አቶ ደምሴ "ታዲያ ምን ይሻላል? በስልኩም የሆነውን አየነው" አለ። እትዬ አስካለ ናቸው የተነሱት። "ሰውየው እግር የለውም እንዴ? በየበሩ ሄዶ ያንኳኳ!"

ተሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። መሃል መንገድ ቆሞ መንደር የሚቀሰቅስ ሰው እንደ ለማኝ በር ለበር?

ሲስተር ህይወት ግን ራሷን ነቀነቀች። "በሬን ቢያንኳኩ ይሻለኛል። ቢያንስ ሰው ነው የሚነግረኝ።"

እጅ ወጣ፣ ተወሰነ። ጥሩንባው ዕቃ ቤት ገባ፣ ሞትን በየቤቱ የምናገረው እኔ ሆንኩ። ነርሷም አባል ሆና ተመዘገበች። ጥሩንባውን ራሴ አስገባሁት። ከድንኳኑ ላይ አላስቀመጥኩትም፣ ድንኳኑ እርጥበት አለው። ለብቻው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ባዶ እጄን ቤት ስገባ የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ፣ እጆቼን ማለቴ ነው።

ሰኞ

ኦቦ ደበላ አረፉ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፣ ወር ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነግሮኝ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን በር ለማንኳኳት ብዙ ቆምኩ። እንዴት ነው የሚንኳኳው? በጣም ካንኳኳሁ ፖሊስ እመስላለሁ፣ በቀስታ ከሆነ አይሰሙም። ሦስት ጊዜ፣ በመሃከለኛ። እትዬ አስካለ ከፈቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው። ገና ሳልናገር ለብሰዋል! "እግርህን ሰማሁት" አሉኝ።

ከዚያ ተለማመድኩ። መምህሩ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ከፈተ፤ ስሙን ስነግረው ብሩሹን ቀስ ብሎ አወጣና "ልጅ ሆኜ በመኪናቸው ጭነውኛል" አለ። ባለ ሱቁ ደንግጦ ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ። የአንዷ ሕፃን ጣቴን ያዘና አልለቅም አለ። ጥሩንባ ስነፋ የማንንም ፊት አይቼ አላውቅም ለካ። በየበሩ ቆም እያልኩ ነው የሄድኩት። አንዱ ስለ ሟቹ ያወራኛል፣ አንዷ ስለ ጉልበቷ። ጎሮሮዬ አልደከመም፣ እግሬ ግን አለቀ።

መጨረሻ የሲስተር ህይወት በር ነው። ነጭ ጋዋኗን ገና አላወለቀችም።

"ኦቦ ደበላ ናቸው አይደል?" አለች። "እጄ ላይ ነው ያረፉት።"

"እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ።" ይህን ቃል የምለው ለቤተሰብ ነው። ለሌላ ሰው ብዬው አላውቅም።

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። "ይግቡ ጋሽ በላቸው። ሻይ ጥጃለሁ።"

ገባሁ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። የጎረቤት ፍየል ቆማ እንዴት እንዳየችኝ አስመስዬ ለሲስተር አሳየኋት፣ እስክታነባ ሳቀች።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነበር፣ መልሼ አነሳሁት። እዚህ ደብተር ላይ ያጋነንኩት ብዙ ነው። የፈጠርኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ገብቼ ሻይ መጠጣቴን። ይግቡ ያለችኝ እውነት ነው። እኔ ግን "ገና አራት ቤት ይቀረኛል" ብያት ዞርኩ። የቀረኝ ቤት አልነበረም፣ የእሷ የመጨረሻው ነው። ሞት ሳልይዝ ሰው ቤት ከገባሁ ስንት ዓመቴ ነው? ቁጭ ብዬ ምን እላለሁ? ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም፣ እያየችኝ መሰለኝ። ስለዚህ ቤት የቀረኝ ለማስመሰል ወደ ፊት፣ ቤት በሌለበት በኩል፣ ጥቂት ሄድኩ።